የእጅ ሥራ ሰንጢ፦ አመራረጡና አያያዙ

ሰንጢ ሲገዙ ዐይን ቀድሞ የሚያርፈው እጀታው ላይ ነው። የሠሪው እጅ የሚለየው ግን በማጠፊያው ነው። በድሮው አሠራር ስለቱን ተከፍቶም ተዘግቶም የሚይዘው በእጀታው ጀርባ የተኛ አንድ ሞላ ብቻ ነው፤ መቆለፊያ የለውም። ስለዚህ በጫፉ መፈልቀቅም ሆነ መውጋት አይገባም፤ ጣት ላይ ይታጠፋል።

ቀስ ብለው ይክፈቱት። መጀመሪያ ከብዶ መጨረሻው ላይ ቀጭ ብሎ ከተቀመጠ ሞላው ደህና ነው። ስለቱን በሁለት ጣት ይዘው ግራና ቀኝ ይወዝውዙት፤ ከተነቃነቀ የማጠፊያው ችንካር ላልቷል። ወደ ብርሃን ያዙትና በሞላውና በጎኖቹ መሐል ይመልከቱ፤ ብርሃን የሾለከበት ቆሻሻም ያስገባል። ሲዘጋ ጫፉ ብቅ የሚል ከሆነ ይተዉት።

የካርቦን ብረት ስለት ይዝጋል፤ በምላሹ በተራ ድንጋይ ቶሎ ይሳላል። ከጊዜ በኋላ የሚለብሰው ግራጫ መልክ ጉዳት የለውም፣ እንዲያውም ያምርበታል። ቀይ ሆኖ የሚፈረፈረው ነው ዝገት። ሎሚ ከቆረጡበት ወዲያው ጠርገው ያድርቁት።

ለመሳል ቁጥር 1000 ድንጋይ (ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ድንጋዩ ይለሰልሳል) በውሃ ያርሱ። ስለቱ 2 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው ጀርባውን ከድንጋዩ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ያንሡ፤ ይህ 17 ዲግሪ ገደማ ነው። ማዕዘኑን ሳይለውጡ አንዱን ጎን ይሳሉ፤ በሌላው ጎን ከእጀታው እስከ ጫፉ ጥፍር የሚይዝ ቀጭን እጥፋት ሲወጣ ይገልብጡት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እጥፋቱ ጫፉ ጋ ሳይደርስ ይገለብጣል፣ ጫፉም ዱልዱም ሆኖ ይቀራል። በቁጥር 3000 ድንጋይ አለስልሰው፣ ስለቱን ወደ ጀርባው አቅጣጫ እየጎተቱ በቆዳ ላይ አሥር ጊዜ ያህል ይጥረጉት።

በኤሌክትሪክ መሞረጃ አያስስሉት። ብረቱ ሰማያዊ እስኪሆን ከጋለ ጥንካሬው ሄዷል፤ ዛሬ ቢሳል ነገ ይደንዛል።

ከአፉ አንድ ቦታ ብቻ ደጋግሞ ከደነዘ፣ ሲዘጋ ሞላው ላይ እየወደቀ ነው። እንዲፈናጠር ሳይለቁ በእጅ እየያዙ ይዝጉት።

ማጠፊያው ላይ አንድ ጠብታ የማሽን ዘይት አድርገው አሥር ጊዜ ከፍተው ይዝጉት፤ የሚወጣውን ጥቁር ይጥረጉ። የምግብ ዘይት እየቆየ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። የቀንድ ወይም የእንጨት እጀታ ያለውን ውሃ ውስጥ አይዘፍዝፉት፤ ያብጥና ሲደርቅ በችንካሩ ዙሪያ ይሰነጠቃል።