ፕሪንተሩ ምን አጠፋ?

ሰኔ ሲገባ ጅማ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ያሉ የጽሕፈትና የፕሪንት ቤቶች ወረፋ በወረፋ ይሆናሉ። ተመራቂው ፍላሹን ይዞ ይቆማል፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ መብራቱ ይሄዳል ይመጣል። የኔም ስልክ አያርፍም፤ "ና እባክህ፣ ፕሪንተሩ እምቢ አለ።" ሄጄ ሳየው አብዛኛውን ጊዜ ፕሪንተሩ ምንም አልሆነም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው ነገሩ።

ዋናው ስህተት ለፕሪንተሩ ቋሚ አይፒ አድራሻ፣ ማለትም ኮምፒውተሮቹ በኔትወርኩ ላይ የሚያገኙበትን ቁጥር፣ አለመስጠት ነው። ራውተሩ፣ ኔትወርኩን የሚያገናኘው ሳጥን፣ አድራሻ የሚያድለው በውሰት ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ትናንት 192.168.1.5 የነበረው ፕሪንተር 192.168.1.9 ሆኖ ሊነሳ ይችላል። ኮምፒውተሮቹ ግን የድሮውን በር ያንኳኳሉ፤ መልስ ሲያጡ "ኦፍላይን" ይላሉ። መርካቶ አጠገብ አንድ ቤት ስደርስ ልጆቹ ድራይቨሩን (ኮምፒውተሩን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) ሦስት ጊዜ አጥፍተው ሦስት ጊዜ ጭነውታል። የተቀየረው አንዲት ቁጥር ነበረች። ራውተሩ ውስጥ ገብታችሁ አንድ አድራሻ ለፕሪንተሩ ብቻ ያዙለት። ቁጥሩንም ፕላስተር ላይ ጽፋችሁ ጎኑ ላይ ለጥፉት። እኔ ቤት እስካሁን አለ፣ ቀለሙ ትንሽ ለቋል እንጂ።

ፕሪንተሩ አንድ ኮምፒውተር ላይ በዩኤስቢ የተሰካ ከሆነ ደግሞ ያ ኮምፒውተር ሲጠፋ የሁሉም ሥራ ይቆማል። አጥፍቶ ምሳ መውጣት የለም። ራሱ እንዳያንቀላፋም ከፓወር ሴቲንጉ ስሊፕ የሚለውን ዝጉት።

ሌላው፣ አልወጣም ብሎ ደጋግሞ "ፕሪንት" መጫን። አንድ ተማሪ የ90 ገጽ ጥናቱን አራት ጊዜ አዘዘ። ወረፋውን የዘጋው ሌላ የተበላሸ ፋይል ነበር። ያ ፋይል ሲነሳ ማሽኑ ያለማቋረጥ መትፋት ጀመረ፤ ስንደርስበት ወረቀቱ መሬት ላይ ነበር። ወረፋው ሲደነቅር "ፕሪንት ስፑለር" የሚባለውን፣ የፕሪንት ወረፋውን የሚይዘውን የዊንዶውስ ሰርቪስ አቁሙ። ከዚያ ዊንዶውስ፣ ሲስተም32፣ ስፑል፣ ፕሪንተርስ ብላችሁ ገብታችሁ ውስጡ ያለውን ፋይል ደምስሱ፤ ፎልደሩን ራሱን ግን እንዳትነኩ። ሰርቪሱን መልሳችሁ አስነሱ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ፋይል ስታስተላልፉ "ከት" አታድርጉ። መሀል ላይ መብራት ከሄደ ፎልደሩ ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ይቀራል። ኮፒ አድርጉ፣ ከፍታችሁ እዩ፣ ከዚያ አጥፉ። ፍላሹ ቦታ እያለው "ፋይሉ ትልቅ ነው" ካላችሁ ደግሞ ፎርማቱ ፋት32 ሊሆን ይችላል፤ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። ትልቅ ፋይል ወደሚቀበለው ኤክስፋት ፎርማት ስትቀይሩት ውስጡ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ አትርሱ።

አሁን የሚያናድደኝን ልንገራችሁ። "እንዳያስቸግረን" ተብሎ ሲ ድራይቭ በሙሉ ለሁሉም ሰው ሼር ይደረጋል፣ ፓስወርዱም ይነሳል። ደንበኛው በዚያው ዋይፋይ ሲገባ የሰው ሁሉ ጥናት ተዘርግቶ ያያል። አንዳንዱ ደግሞ የድሮ ፎቶ ኮፒ ማሽን ስካን እንዲልክለት ብሎ ኤስኤምቢ 1ን፣ አሮጌውን የዊንዶውስ ፋይል መጋሪያ መንገድ፣ መልሶ ይከፍታል። በ2017 እ.ኤ.አ. ግንቦት ወር ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ ዓለምን ያመሰው በዚያው አሮጌ መንገድ ነው። ማንም ምንም ሳይጫን ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ዘለለ። ማይክሮሶፍት መድኃኒቱን ያወጣው ከዚያ በፊት መጋቢት ላይ ነበር፤ የተጠቃው አፕዴት ያላደረገው ነው። አንድ ፎልደር ብቻ ሼር አድርጉ፣ ፓስወርድ ያለው አካውንት ክፈቱለት፣ ለደንበኛ የእንግዳ ዋይፋይ ለዩለት።

የመጨረሻው የፎንት ጉዳይ ነው። በወርድ የተጻፈ አማርኛ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ፎንቱ ከሌለ ገጹ ይንሸራተታል፣ ማውጫው ይፋለሳል። በድሮዎቹ፣ ዩኒኮድ ባልሆኑት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ከሆነማ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል። ከመላካችሁ በፊት ፒዲኤፍ አድርጉት። አንዲት ልጅ ጥናቷ ተጠርዞ ካለቀ በኋላ ነው የመጀመሪያውን ገጽ የገለጠችው። "ለእናቴ" የሚለው ቦታ ላይ የነጠላ ሰረዝና የእንግሊዝኛ ፊደል ክምር ተቀምጧል። ያንን ገጽ ቀድደን በአዲስ ተካነው፤ የጥራዙን ዋጋ ግን ሁለቴ ከፈለች።