ሐሳቡ አለ፣ ምርቱ የለም፦ የጀማሪ ስታርታፕ ችግርና መፍትሄ

አዲስ አበባ ውስጥ ማዘዣ ወረቀት ይዞ ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት የተንከራተተ ሰው "የለም፣ ወደ ታች ወረድ ብለህ ሞክር" የምትለዋን መልስ ያውቃታል። ሦስት ጓደኛሞች ሆነን መድኃኒት የት እንደሚገኝ የሚጠቁም አገልግሎት ለመሥራት የተነሣነው ይህችን መልስ ሰምተን ስለ መረረን ነው። ከሐሳቡ እስከ መጀመሪያው ምርት የገጠሙንን ችግሮች፣ በኋላም ሌሎች ጀማሪዎችን ሳግዝ ደጋግሜ ያየኋቸውን እነሆ። የእናንተን ምልክት ፈልጉና ከዚያ ጀምሩ።

ምልክት፦ ወራት አልፈዋል፤ ሶፍትዌሩ ዛሬም "ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል"

ፕሮግራመሩን ከመውቀሳችሁ በፊት የሥራ ዝርዝራችሁን እዩ። መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው፤ ሐሳቡን በሙሉ በአንድ ጊዜ ለመሥራት ተነሥታችኋል። የእኛ ዝርዝር የመድኃኒት ቤቶች ክምችት መቆጣጠሪያ፣ የቤት ለቤት ማድረሻ፣ ክፍያ፣ የሐኪም ምክርና የሦስት ቋንቋ ምርጫ ነበረበት።

ምርታችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት፦ ማን፣ ምን ይጠይቃል፣ ምን ያገኛል። ዓረፍተ ነገሩ በ"እና" እየተቀጠለ ከረዘመ ገና አልቆረጣችሁም። የእኛ ተቆርጦ ተቆርጦ እንዲህ ሆነ፦ "አንድ ሰው የመድኃኒት ስም ይልካል፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የት እንዳለና ዋጋውን እንነግረዋለን።"

ለዚህ መተግበሪያ አላስፈለገንም። በቴሌግራም ላይ መልእክት የሚቀበልና የሚመልስ አነስተኛ ፕሮግራም፣ ማለትም ቦት ከፈትን። ጥያቄው በቦቱ ይገባል፤ ከጀርባ አንዳችን ወደ መድኃኒት ቤቶች እየደወልን ጠይቀን መልሱን እንጽፋለን። ለጠያቂውም ሰው እየፈለገለት እንደሆነ እንነግረዋለን። እያንዳንዱን ጥያቄ ከገባበት ሰዓት ጋር ሠንጠረዥ ላይ መዘገብን። ስንነሣ ደንበኛችን የደም ግፊትና የስኳር ሕመምተኛ ይሆናል ብለን ነበር። ሠንጠረዡ ያሳየን ግን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ሆስፒታል በር ላይ ቆሞ፣ ለተኛ ዘመዱ በአስቸኳይ የታዘዘ መድኃኒት የሚፈልግ አስታማሚን ነው። ይህ ሰው ከዋጋ በፊት የሚጠይቀው "አሁን ክፍት ነው ወይ?" ብሎ ነው። በዚያ ሁሉ ዝርዝራችን ውስጥ የመድኃኒት ቤቶች የመዝጊያ ሰዓት አልነበረም።

መተግበሪያ የግድ ነው ብላችሁ አትጨነቁ። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ለአርሶ አደሮች የከፈተው 8028 በተራ ስልክ ደውለው ምክር የሚሰሙበት መስመር ነው። የታክሲ ጥሪ አገልግሎቱ ራይድም ዘመናዊ ስልክ ላልያዘ ሰው በ8294 ጥሪ ይቀበላል። በነገራችን ላይ፣ የማዘዣ ፎቶ ሲላክላችሁ የታማሚው ስም አብሮ ይመጣል፤ መልሱ እንደ ተሰጠ አጥፉት።

ምልክት፦ ሁሉም ያደንቃል፤ ማንም አይጠቀምም

ይሉኝታ ነው። ወዳጅ ዘመድ ፊታችሁ ላይ "ይህ ነገር አይሆንም" አይላችሁም። "ጎበዝ፣ በርቱ!" ይላችኋል። ስለዚህ ስለ ሐሳባችሁ አትጠይቁ፤ ስላለፈው ኑሯቸው ጠይቁ። ለመጨረሻ ጊዜ መድኃኒት ያጣችሁት መቼ ነው? ያን ቀን ስንት ቦታ ሄዳችሁ? ለታክሲ ስንት አወጣችሁ? መልስ የሌለው ሰው ችግሩ የለበትም፤ አመስግናችሁ እለፉ። መልስ ያለውን ደግሞ ትንሽ ነገር ጠይቁት፦ ነገ ተመሳሳይ ችግር ያለበትን ሌላ ሰው እንዲያገናኛችሁ፣ ወይም ለአገልግሎቱ ጥቂት ብር እንዲከፍል። ሰው እሺ ማለቱን የምታውቁት ያን ጊዜ ነው።

ምልክት፦ ሰዎች ይጀምራሉ፤ መሃል ላይ ይጠፋሉ

ይህን ችግር በዝርዝር ማየት ይገባል፤ ምክንያቱም ከውጭ የተቀዳ የመመዝገቢያ ቅጽ የእኛን ሰው ገና በሩ ላይ ይመልሰዋል።

ከስም ጀምሩ። ቅጹ "የቤተሰብ ስም" ብሎ ሲጠይቅ ግማሹ የአባቱን፣ ግማሹ የአያቱን ይጽፋል፤ አንዳንዱ ትቶት ይሄዳል። ያስፈልጋል ካላችሁ "የአባት ስም"፣ "የአያት ስም" በሉ። እኛ ስልክ ቁጥር ብቻ አስቀርተን ሌላውን ሁሉ አወጣነው። ስልኩም የራሱ ጣጣ አለው፦ አንዱ በ09፣ ሌላው በ9፣ ሦስተኛው በ251 ይጀምራል። የሳፋሪኮም ደንበኛ ደግሞ በ07። ሁሉንም ተቀበሉና በአንድ መልክ አስቀምጡ። 07ን "የተሳሳተ ቁጥር" ብሎ የሚመልስ ቅጽ ዛሬም አያለሁ፤ ያሳዝነኛል።

ሰዓትን በተመለከተ፣ ተጠቃሚው "3 ሰዓት" ሲል ከጠዋቱ ወይም ከምሽቱ 3 ሰዓት ማለቱ ነው። ኮምፒውተሩ ከሌሊቱ 9 ሰዓት አድርጎ ከተረዳው አስታማሚው ተዘግቶ ያገኘዋል። ውስጡን በአንድ ዓለም አቀፍ ሰዓት አስቀምጡ፤ ለተጠቃሚው በእርሱ አቆጣጠር አሳዩ፤ "ጠዋት" ወይም "ማታ" የሚለውን ቃል አትተዉ። ቀን የምታስገቡ ከሆነ ጳጉሜን አትርሱ፤ አምስት ቀን ናት፣ በየአራት ዓመቱ ስድስት።

ከሁሉ የባሰው ፍለጋው ነው። "መድኃኒት" የሚለውን ቃል ራሱን ሰዎች መድሀኒት፣ መድሃኒት፣ መድሐኒት እያሉ ይጽፉታል። ለጆሮ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተር አራት ቃል ነው። መፍትሄው ከመፈለግ በፊት ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት ወደ አንድ መመለስ ነው፦ ሐና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ከነቤተሰቦቻቸው። ሃንና ሀን፣ አንና ኣንም እንዲሁ። ይህን የምታደርጉት ለማነጻጸር ብቻ ይሁን፤ ሰው የጻፈውን ስም አትለውጡበት። "ገ/ማርያም"፣ "ገብረማርያም" እና "ገብረ ማርያም" አንድ ሰው ሊሆኑ እንደሚችሉም አስቡ። የመድኃኒት ስም ሲሆን ደግሞ ሐኪሙ የሚጽፈው በላቲን ፊደል፣ አስታማሚው የሚልከው በአማርኛ ነው፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ መድኃኒት ሰዎች በእርግጥ የጻፏቸውን አጻጻፎች ከሠንጠረዡ ለቅመን አብረን አስቀመጥን።

ምልክት፦ በእኛ ስልክ ይሠራል፤ በእነርሱ አይሠራም

የተፈተነው ቢሮ ውስጥ፣ በአዲስ ስልክ፣ በዋይፋይ ነው። ሜሞሪው የሞላ ርካሽ አንድሮይድ ስልክ ተበደሩና ኔትወርክ ደካማ የሆነበት ቦታ ሂዱ። ጥያቄ ስትልኩ መሃል ላይ ዳታውን ዝጉት። የተጻፈው ካልጠፋ፣ ዳታው ሲከፈትም ሁለት ጊዜ ካልተላከ ደህና ናችሁ።

ምልክት፦ "የክፍያ ሥርዓቱ ስላላለቀ አልጀመርንም"

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤምፔሳ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ገንዘብ በስልክ መቀበል ለብዙ ሰው የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ከመተግበሪያችሁ ጋር በቀጥታ ለማገናኘት ግን ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የቴክኒክ ሥራ ይጠይቃል። ወረቀቱን ዛሬውኑ ጀምሩ፤ እስኪያልቅ በዝውውር ተቀብላችሁ የግብይት ቁጥሩን በእጅ መዝግቡ። ከደንበኛው በተላከ የስክሪን ፎቶ ብቻ ግን አትመኑ። የራሳችሁን ሂሳብ ከፍታችሁ ገንዘቡ መግባቱን እዩ።

ምልክት፦ ፕሮግራመሩ ስልክ አያነሣም

መንስኤው ዶሜይኑ (የድረ ገጹ አድራሻ)፣ ሰርቨሩ (አገልግሎቱ የሚሠራበት ኮምፒውተር)፣ ቦቱና ኮዱ ሁሉ በእርሱ ስም መከፈታቸው ነው። ገና ካልሆነባችሁ ዛሬ በድርጅቱ ኢሜይል ክፈቷቸው፤ የይለፍ ቃሉን ሁለት መሥራቾች ይያዙ፤ ክፍያውን ከርክክብ ጋር በጽሑፍ እሰሩ። ሆኖባችሁ ከሆነ መጀመሪያ ያልከፈላችሁትን ክፈሉ። ብዙዎቹ የሚጠፉት በዚሁ ነው። ከዚያ ዶሜይኑን አስቀድማችሁ ተረከቡ፤ ኮድ እንደገና ይጻፋል፣ ደንበኛ የለመደውን አድራሻ ግን በቀላሉ አትተኩትም።

ምልክት፦ በእጅ መመለሱ ከአቅም በላይ ሆነ

ሶፍትዌር መጻፍ የሚጀመረው እዚህ ላይ ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትቀይሩ፤ ከሠንጠረዡ ውስጥ ብዙ ሰዓት የሚበላውን አንዱን እርምጃ ምረጡ። የእኛ ስልክ መደወሉ ነበር። ያው የመድኃኒት ቤት ባለሙያ በአንድ ምሽት ስለ አንድ መድኃኒት ደጋግሞ ይጠየቅና ይሰለቻል። ስለዚህ ቦቱ ጥያቄውን ማታ ለሚሠሩ መድኃኒት ቤቶች በአንድ ጊዜ እንዲልክና ባለሙያው "አለ" ወይም "የለም" የሚለውን አንድ ጊዜ እንዲነካ አደረግን። መልሱ ለዚያ ምሽት ብቻ ይቀመጣል፤ ሲነጋ ይሰረዛል። ካልመለሱ ዛሬም እንደውላለን።