ጥቁር ጭራ ያለውን የጆሊ ሮጀርስ ኤፍ-14 ሞዴል ለመቀባት

የጆሊ ሮጀርስን፣ የአሜሪካ ባህር ኃይል ተዋጊ ጄት ስኳድሮን (የአውሮፕላን ቡድን) የሆነውን፣ ኤፍ-14 ቶምካት ጄት በፕላስቲክ ሞዴል ልትሰሩ ካሰባችሁ ቀለም ከመክፈታችሁ በፊት መጀመሪያ ዘመኑን ምረጡ። እዚህ ላይ ድርቅ የምለው ያ ጥቁር ጭራ ላይ ያለው ነጭ የራስ ቅል የአንድ ስኳድሮን ብቻ ስላልሆነ ነው፣ ሲወራረስ የመጣ ምልክት ነው። በፈረንጆቹ 1943 የተቋቋመው ቪኤፍ-17 የሚባለው ስኳድሮን ኮርሴር አውሮፕላኖቹ ላይ ቀባው፣ 1960 ላይ ቪኤፍ-84 ስሙንም ምልክቱንም ወሰደ፣ እሱ 1995 ሲፈርስ ደሞ ቪኤፍ-103 የራሱን የድሮ ስም ትቶ ጆሊ ሮጀርስ ሆነ፣ አሁን ሱፐር ሆርኔት በሚባል ጄት ነው የሚበረው። እንደሚተረከው 1945 ኦኪናዋ ላይ የሞተ ጃክ ኧርኒ የሚባል አብራሪ ከስኳድሮኑ ጋር መቆየት ፈልጎ ቤተሰቡ የራስ ቅሉንና አጥንቶቹን ሰጠ፣ አጥንቶቹ ያሉበት ሳጥንም አዛዥ ሲቀየር ለአዲሱ አዛዥ ይተላለፋል። ስለዚ ዲካሉን (ሞዴሉ ላይ የሚለጠፈውን የራስ ቅል ምስል) እንደ ተራ ጌጥ አትዩት።

የኔ ምርጫ የ1970ዎቹ መጨረሻ ቪኤፍ-84 ነው፣ ኒሚትዝ የሚባለው አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ የነበረው። ከላይ ፈዛዛ ግራጫ ከሆዱ ነጭ፣ ጭራው ጥቁር፣ ቢጫ ደሞ ጣል ጣል ያለበት፣ ከዚህ የሚያምር የባህር ኃይል ጄት አላየሁም።

አቀባቡ ከፈዛዛ ወደ ጥቁር ነው። ነጩን ሆድ ቀብታችሁ በደንብ ይድረቅ፣ ማስኪንግ ቴፕ (ቀለም እንዳይነካው የሚሸፍን ቴፕ) አድርጉና ግራጫውን፣ ጭራውን መጨረሻ ላይ። ቢጫ የሚገባበት ቦታ ስር ነጭ ካልቀባችሁ ቢጫው ቆሽሾ አረንጓዴ መስሎ ይወጣል። ለጭራው ደሞ ንፁህ ጥቁር አትጠቀሙ፣ ትንሽ ግራጫ ጠብ አድርጉበት፣ አለበለዚያ እንዲህ ባለ ትንሽ ሞዴል ላይ የጭራው መስመሮች በሙሉ ይጠፋሉ።

አሁን ዋናው፣ የራስ ቅሉ ዲካል። ጭራው ማት (የማያብለጨልጭ) ሆኖ ከለጠፋችሁት ሸካራው ላይ አየር ይታፈንና የዲካሉ ጠርዝ የብር ቀለም መስሎ ያብለጨልጫል፣ ጥቁር ላይ ደሞ ይሄ ከሩቅ ያስታውቃል። ስለዚ መጀመሪያ ግሎስ ቫርኒሽ (አንፀባራቂ ቅብ) ቀቡ፣ ከደረቀ በኋላ ዲካሉን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ራሱ ከወረቀቱ እስኪላቀቅ ጠብቁ እንጂ አትጎትቱት፣ ጭራው ላይ አስተካክላችሁ ከመሀል ወደ ዳር በእርጥብ ብሩሽ ውሃውን አስወጡ።

አፍንጫው ላይ ያለው ቁጥር ትርጉም አለው፣ ቪኤፍ-84 በ200 ቤት ነው፣ 200 ለአየር ክንፉ (መርከቡ ላይ ላሉት ስኳድሮኖች በሙሉ) አዛዥ፣ 201 ብዙ ጊዜ ለስኳድሮኑ አዛዥ፣ ጭራው ላይ ደሞ የአየር ክንፉ መለያ የሆኑት ኤጄ (AJ) የሚሉት ፊደሎች። በ1980ዎቹ አውሮፕላኖቹ በደበዘዘ ግራጫ ተሸፈኑና ደማቁ ቀለም በአብዛኛው በ00 ለሚያልቀው ብቻ ቀረ፣ ስለዚ ግራጫ ዘመንን ከመረጣችሁ ደማቅ ጭራ ላይ 207 ምናምን አትለጥፉ።

መጨረሻ ላይ የ1970ዎቹን ከሆነ ትንሽ አንፀባራቂ ተዉት፣ ግራጫውን ከሆነ ማት አድርጉት። ክንፉ ከ20 እስከ 68 ዲግሪ ወደ ኋላ ስለሚታጠፍ ከአካሉ ጋር የሚታከክበት ቦታ ላይ ቅስት የሰራ እድፍ ይኖራል፣ እሷን በደረቅ ብሩሽ በጥቁር ግራጫ በስሱ አሳርፏት፣ ክንፉ የሚንቀሳቀስበትን አቅጣጫ ተከትላችሁ።