ክብደት ለሚቀንሱ ሠራተኞች፦ በመሥሪያ ቤት መሳቢያ የሚቀመጥ መክሰስ አመራረጥ

ክብደት ለመቀነስ ቆርጦ የተነሣ የአዲስ አበባ ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ የሚሸነፈው በምሳ ሰዓት ሳይሆን ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ነው። ምሳ ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ይበላል፤ ሥራ የሚያበቃው 11 ሰዓት ተኩል ነው፤ ከዚያ ሜክሲኮ ወይም ለገሀር የታክሲ ሰልፍ ይጠብቃል፤ ቤት ተደርሶ እራት እስኪቀርብ ከምሽቱ 2 ሰዓት ይሆናል። ሰባት ሰዓት ያህል ያለ ምግብ የቆየ ሰው፣ ቢሮ ውስጥ የዞረውን ብስኩት ባይነካ እንኳ፣ ከሰልፉ አጠገብ የሚሸጠውን ሳምቡሳ ማለፍ ይከብደዋል፤ እርሱን ቢያልፍ ደግሞ እራቱን እጥፍ ይበላል። ስለዚህ መክሰስን ከመሰረዝ ይልቅ፣ አስቀድሞ የተመረጠና የተለካ ነገር በመሳቢያ አስቀምጦ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ መብላት እንደሚሻል አምናለሁ።

በመሳቢያ ማስቀመጥን የምመክረው ያለ ምክንያት አይደለም። ፒያሳ አካባቢ ይሠራ የነበረ ሰው ወደ አትክልት ተራ ጎራ ብሎ ሙዝና ብርቱካን መግዛት ይችል ነበር፤ ገበያው በ2012 ዓ.ም. ከዚያ ከተነሣ ወዲህ ግን ይህ ቀርቷል። ዛሬ በብዙ ቢሮዎች አቅራቢያ በቀላሉ የሚገኘው ኬክ፣ ቦምቦሊኖ፣ ፓስቲና ማኪያቶ ነው። የራበው ሰው የሚበላው ቅርብ ያገኘውን ስለሆነ፣ ምርጫው መደረግ ያለበት ሳይራብ፣ ቤት ውስጥ ነው።

ለመክሰስ የሚሆነውን ለመለየት ፕሮቲን አለው ወይ፣ አሰር ወይም ፋይበር የሚባለው አለው ወይ፣ ለማኘክስ ጊዜ ይወስዳል ወይ ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ፕሮቲንና አሰር ያለው ምግብ ከነጭ ዱቄትና ከስኳር ይልቅ ለረጅም ጊዜ ያጠግባል፤ ማኘክ የሚጠይቅ ምግብ ደግሞ ቶሎ ስለማያልቅ የመጥገብ ስሜት ቀድሞ እንዲመጣ ይረዳል።

በእነዚህ መስፈርቶች ሲመዘን ከሁሉ በፊት የማስቀምጠው ቆሎን ነው። ውድ የታሸገ ምግብ ከውጭ እየፈለግን፣ እናቶቻችን ሲቆሉት የኖሩትን መናቃችን ያሳዝነኛል። 30 ግራም ያህል የገብስ ቆሎ ወደ 110 ካሎሪ ይሰጣል፤ የሽምብራ ቆሎም ካሎሪው ተቀራራቢ ሆኖ ፕሮቲኑ ከገብስ ይበልጣል፣ 6 ግራም ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ ሁለቱን እኩል መቀላቀል ጥሩ ነው። ችግሩ ያለው በአቆላሉና በማጣፈጫው ላይ ነው፤ በዘይት የታሸና ጨው የበዛበት ቆሎ ሌላ ምግብ ሆኗል ማለት ይቻላል። ከተቻለ ቤት መቁላት፣ ካልተቻለም ከሻጩ ላይ ዘይት ያልነካውን ለይቶ መጠየቅ ይገባል። መለኪያው የቡና ስኒ ይሁን፤ አንድ ስኒ ቆሎ ከ30 እስከ 40 ግራም ስለሚመዝን ለአንድ መክሰስ ይበቃል። ጥርሱን የሚያመው ሰው በቆሎ ፋንታ የባቄላ አሹቅ ወይም የሽምብራ ንፍሮ ሊይዝ ይችላል፤ እርሱ ግን እርጥብ ስለሆነ በዚያው ዕለት መበላት አለበት።

ዳቦ ቆሎ በስሙ ምክንያት ከቆሎ ጋር ይቆጠራል፤ ነገር ግን በዘይት ወይም በቅቤ የታሸ ሊጥ ስለሆነ ከብስኩት ወገን ነው። ጩኮም ቅቤው ብዙ በመሆኑ ለመንገደኛና ለጉልበት ሠራተኛ እንጂ ቀኑን ተቀምጦ ለሚውል ሰው አይሆንም።

ለውዝ ሰፋ ያለ ማስጠንቀቂያ ይፈልጋል። ከዓመታት በፊት አንድ ኪሎ የተቆላ ለውዝ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬ፣ ጤናማ ነው እያልሁ በአንድ ሳምንት ጨረስሁት። አንድ ኪሎ ለውዝ ከ5,600 ካሎሪ በላይ እንዳለው ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ይህም ለብዙ ሰው ከሁለት ቀን ሙሉ ምግብ ይበልጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ሲሰጥ አንድ ግራም ፕሮቲን ወይም ካርቦሃይድሬት የሚሰጠው 4 ብቻ ነው፣ ለውዝ ደግሞ ግማሽ ያህሉ ስብ ነው። ቢሆንም መጣል የለበትም፤ 30 ግራሙ 170 ካሎሪና ከ7 ግራም በላይ ፕሮቲን ስላለው፣ በትንሽ ወረቀት ለየቀኑ ተጠቅልሎ ከመጣ እጅግ ጥሩ መክሰስ ይሆናል። የሻገተ፣ የተጨማደደ ወይም የሚመር ፍሬ ሲገኝ ግን አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ ሊኖርበት ስለሚችል ይወገድ።

ከፍራፍሬ ሙዝና ብርቱካን ተልጠው ስለሚበሉ ውኃ በሚጠፋበት ቀን እንኳ አያስቸግሩም። አንድ መካከለኛ ሙዝ 105 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ከጥቂት ለውዝ ጋር ሲበላ የበለጠ ይቆያል። ካሮት ቤት ተልጦና ተቆራርጦ ቢመጣ መቶ ግራሙ ከ41 ካሎሪ ስለማይበልጥ፣ ጥርሱ ሥራ ለሚፈልግ ሰው ፍቱን ነው። ስፕሪስ ግን ፍራፍሬ ስለሆነ ብቻ ቀላል አይደለም፤ በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ብዙ ፍሬ ከነስኳሩ ይገባል፣ ሳይታኘክም ይዋጣል።

የተቀቀለ እንቁላል 75 ካሎሪ ገደማና 6 ግራም ፕሮቲን አለው። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቢሮ ከሁለት ሰዓት በላይ ባይቆይ ይመረጣል፤ ስለዚህ ለከሰዓት ሳይሆን ለረፋድ ይሁን። እርጎም ማቀዝቀዣ ላለው ቢሮ ብቻ ነው።

የታሸገ ነገር መግዛት ግድ ከሆነ ጀርባውን ማንበብ ያስፈልጋል። ንጥረ ነገሮች የሚዘረዘሩት ከብዙው ወደ ጥቂቱ ስለሆነ፣ ስኳር በመጀመሪያዎቹ ሦስት ውስጥ ካለ ማለፍ ነው። ብዙዎች ለክብደት ቅነሳ የሚገዙት ዳይጀስቲቭ ብስኩት እንኳ አንዱ 70 ካሎሪ ያህል አለው፤ አራቱን ከሻይ ጋር መጨረስም አያዳግትም።

መጠጡ ከምግቡ ጋር መታሰብ አለበት። የዓለም የጤና ድርጅት የተጨመረ ስኳር በቀን ከሚገኘው ኃይል ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል፤ የኋለኛው 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው 25 ግራም ነው። ሁለት ሁለት ማንኪያ ስኳር የገባባቸው ሦስት ማኪያቶዎች 24 ግራም ስለሚደርሱ፣ ገና ምግብ ሳይቆጠር ድርሻው አለቀ። ጀበና ቡናን ያለ ስኳር መልመድ ሁለት ሳምንት ያህል ያስቸግራል፤ ከዚያ በኋላ የቡናው ጣዕም ይበልጥ ይታወቃል። ከቡናው ጋር የሚመጣው ፈንድሻ ስኳርና ዘይት ካልነካው ጥሩ መክሰስ ነው።

በጾም ወቅት እንቁላልና እርጎ ሲቀሩ ሰው ወደ ሳምቡሳና ፓስቲ ያዘነብላል፤ የጾም ምግብ መሆናቸው ግን በዘይት መጠበሳቸውን አያስቀረውም። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ያለ ስኳር በውኃ የተበጠበጠ በሶ አስቀድሞ ጠጥቶ፣ ቀጥሎ የሽምብራ ቆሎ ቢይዝ ሆዱ ሳይደነግጥ ይረጋጋል። የስኳር ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን የመክሰስ ሰዓቱንም ሆነ ጾሙን ከሐኪሙ ጋር ሳይማከር አይቀይር።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ በእኛ ቢሮ ለብቻ መብላት ነውር ነው፣ መሆንም አለበት። መፍትሔው ሁለት ዕቃ መያዝ ነው፤ ትልቁ ለባልደረቦች ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ቆሎ፣ ትንሹ ደግሞ በስኒ የተለካው የራስ ድርሻ። የልደት ኬክ በመጣ ጊዜም ከመግደርደር ይልቅ ትንሽ አስቆርሶ ቀምሶ መመለስ አክብሮትንም ዕቅድንም ይጠብቃል።

ቆሎና ለውዝ የሚቀመጡት ክዳኑ በሚገጥም ደረቅ የብርጭቆ ዕቃ ነው፤ በክረምት እርጥበት ቶሎ ያለሰልሳቸዋል፣ ፌስታልንም አይጥ ይቀድደዋል። እሑድ ማታ አምስት ድርሻ ለክቶ ሰኞ ጠዋት ይዞ መምጣት ይበቃል። ድርሻው ረቡዕ ላይ ካለቀ አብዛኛውን ጊዜ ምሳው አንሷል ማለት ስለሆነ፣ ቆሎውን ከመጨመር በፊት ምሳው ላይ ሽሮ፣ ምስር ወይም ጎመን ጨምሮ የሚቀጥለውን ሳምንት ማየት ነው።