ዝናብ ላይ የሳይክል ፍሬን አልይዝ ሲል

ክረምት ላይ በሳይክል ሥራ ለምትሄዱ ሁሉ። ዝናብ የመታው ፍሬን ወዲያው አይዝም። እጀታውን ጭብጥ ስታደርጉት ሳይክሉ መንሸራተቱን ይቀጥላል፣ ከዚያ ድንገት ቀጥ ይላል። ባሕር ዳር ሐምሌ ላይ ባጃጅ ፊታችሁ ሲቆም ይሄ ያስደነግጣል።

ፍሬኑ ተበላሽቶ አይደለም። ቸርኬው ላይ ውሃ አለ። የፍሬኑ ላስቲክ ብረቱን የሚይዘው መጀመሪያ ውሃውን ከጠረገ በኋላ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ጎማው ጥቂት ዙር መዞር አለበት።

ስለዚህ ቀድማችሁ ጥረጉት። መስቀለኛ መንገድ ወይም ቁልቁለት ሳትደርሱ፣ ከ20 እስከ 30 ሜትር ሲቀራችሁ፣ ሁለቱንም ፍሬን በስሱ ነካ ነካ አድርጉ። ሽርርር የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ፣ ውሃው እየተጠረገ ነው። ሳይክሉ ያዝ ሲያደርጋችሁ ይታወቃችኋል። ከዚያ ፍሬን ብትይዙ በጊዜ ይቆማል።

መታጠፊያ ላይ ግን እንዳትሞክሩት፣ በተለይ የፊቱን። ጎማው እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ከዳ ማለት መውደቅ ነው። ሳይክሉ ቀጥ ብሎ እያለ ጨርሱት። የዲስክ ፍሬን (ቸርኬውን ሳይሆን ጎማው መሃል ያለ ክብ ብረት የሚይዝ) ያላችሁ፣ ውሃ የመጥረጉ ነገር ብዙም አያሳስባችሁም።

ቤት ስትገቡም ላስቲኩን በጨርቅ ጠረግ አድርጉት፤ የተጣበቀበት አሸዋ ቸርኬውን ይበላዋል።