«ነገ ተመለሱ» ሲሏችሁ፦ ከመንግሥት ቢሮ መረጃ የማውጣት ችግርና መፍትሄ

አጎቴን ይዤ ጎጃም ውስጥ ወደሚገኝ አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት አምስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። የፈለገው አንዲት ገጽ ናት። የእርሻ መሬቱ በማን ስም፣ በምን ያህል ስፋት፣ ከማን ጋር ተዋስኖ እንደተመዘገበ የምታሳይ ገጽ። በአምስተኛው ቀን መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ «አባባ፣ ነገ ይምጡ» አለችው። «ልጄ፣ ነገ እኮ ትናንትም ነበር» አላት። ሳቀች። ገጿን ግን አልሰጠችውም።

በስድስተኛው ጊዜ ማመልከቻ ጽፈን ይዘን ሄድን። በዘጠኝ ቀን ውስጥ ገጿ እጁ ገባች። ከዚያ ወዲህ ዘመድ ሁሉ ይደውልልኛል፤ አንዱ ከቢቸና፣ አንዱ ከደምበጫ። ሁሉም የሚጠይቀኝ ያንኑ ስለሆነ እዚህ ልጻፈውና ልገላገል።

ከመጀመራችን በፊት ሕጉን ባጭሩ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። አንቀጽ 29 ደግሞ የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ ስለማግኘት ይናገራል። ዝርዝሩ ያለው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ላይ ነው። የፌዴራልም የክልልም መሥሪያ ቤት በዚህ ይገዛል። ወረዳውም አይቀርለትም።

ምልክት፦ «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፣ ነገ ተመለሱ»

ከሁሉም የሚበዛው ይሄ ነው። ልብ በሉ፣ ማንም አልከለከላችሁም። ማንም አልፈቀደላችሁምም። አምስት ጊዜ ሄዳችሁ፣ አምስት ጊዜ ተመለሳችሁ፣ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ግን መጥታችሁ እንደነበር የሚያሳይ አንዲት መስመር የለም።

ምክንያቱ በአፍ መጠየቃችሁ ነው። የአፍ ጥያቄ ባለቤት የለውም። ባለሙያው መስክ ሲወጣ አብሮ ይወጣል፣ ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይቀየራል። የኛ ሰው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላል፤ ቢሮ ሲገባ ግን ይረሳዋል።

መፍትሄው ማመልከቻ ነው። ረጅም አያስፈልግም። ራፖር ጸሐፊ ጋ ከሄዳችሁ «ለክቡርነትዎ እጅግ በታላቅ አክብሮትና ትሕትና» እያለ ገጹን ይሞላላችኋል። ትሕትናው አይከፋም፣ ጥያቄው ግን መሐል ላይ ይሰምጣል። የአጎቴ ይህን ያህል ነበር፦

*ቀን ........*
*ለ........ ወረዳ መሬት ጽሕፈት ቤት*
*ጉዳዩ፦ የመረጃ ጥያቄን ይመለከታል*
*እኔ አመልካች በ........ ቀበሌ በ........ ጎጥ ነዋሪ ስሆን፣ በስሜ የተመዘገበው የእርሻ መሬት በመዝገብ ላይ የሚገኝበት ገጽ ከዋናው ጋር የተገናዘበ ቅጂ እንዲሰጠኝ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት እጠይቃለሁ። የማይሰጠኝ ከሆነ ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ አመለክታለሁ።*
*ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ*

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳትተዋት። ሥራውን የምትሠራው እሷ ናት።

ሁለት ኮፒ አድርጉ። አንዱን ለመዝገብ ቤት ስጡ። ሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ተጽፎ፣ «ደርሷል» ተብሎ ማህተም ይመታበታል። እሱ የእናንተ ነው። ለኃላፊው በእጅ ሰጥታችሁ «እሺ አየዋለሁ» ሲል ደስ ብሏችሁ እንዳትወጡ። ጠረጴዛ ላይ የቀረ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ይቀራል። በመዝገብ ቤት በኩል ሲገባ ግን ቁጥር አለው፣ ቁጥር ያለው ነገር ደግሞ ይጠየቃል።

መጻፍ የማይችል ሰውስ? ማንበብና መጻፍ የማይችል ወይም አካል ጉዳት ያለበት ሰው በቃል መጠየቅ ይችላል፤ ጥያቄውን በጽሑፍ ማስፈር የመሥሪያ ቤቱ ሥራ ነው። አዋጁ ለዚህ የሚያስበው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊውን ነው። ወረዳ ላይ እሱን ከምትፈልጉ ግን የሰፈር ተማሪ ቢጽፍላችሁ ይፈጥናል።

ምልክት፦ «ይሄ ሚስጥር ነው»

አንዳንዴ እውነት ነው። የሌላ ሰው የግል መረጃ፣ የነጋዴ የንግድ ሚስጥር፣ በምርመራ ላይ ያለ የወንጀል ጉዳይ፣ የመከላከያና የደህንነት ነገር፣ የካቢኔ ሰነድ ሕጉ ራሱ ለይቶ አስቀርቷቸዋል። የጎረቤቴን የሕክምና ካርድ ስጡኝ ብትሉ አይሰጣችሁም፣ ሊሰጣችሁም አይገባም።

አብዛኛውን ጊዜ ግን ምክንያቱ ፍርሃት ነው። ባለሙያው ቢሰጥ ማን እንደሚቆጣው አያውቅም፤ ባይሰጥ ማንም እንደማይቆጣው ያውቃል። ስለዚህ ዝም ይላል። በሱ ቦታ ብሆን እኔም ሳላመነታ እሰጥ ነበር ብዬ አልምልም።

ማዳበሪያን እንውሰድ። 2015 ላይ ማዳበሪያ ጠፍቶ የክልላችን ገበሬ ሰልፍ እስከመውጣት የደረሰበት ጊዜ ይታወሳል። ያኔ ገበሬው የሚጠይቀው ቀላል ነገር ነበር። ለቀበሌያችን ስንት ኩንታል ዩሪያ መጣ? ለስንት ሰው ታደለ? ይህ የማንም ሚስጥር አይደለም። «እነማን ወሰዱ?» ብላችሁ ስም ዝርዝር ከጠየቃችሁ ግን «የግል መረጃ ነው» የሚል በር ትከፍታላችሁ። በቁጥር ጀምሩ። ቁጥሩ ካልገጠመ የስሙ ጥያቄ በራሱ ጊዜ ይመጣል።

ሰነዱ ውስጥ የተወሰነው ክፍል ብቻ ሚስጥር ከሆነ እሱ ተሸፍኖ ቀሪው ይሰጣል። «የማይታየውን ሸፍናችሁ ስጡኝ» ብላችሁ ጠይቁ። አሁንም እምቢ ካሉ በየትኛው አንቀጽ እንደከለከሉ ይጻፉላችሁ። «ሚስጥር ነው» ማለት ቀላል ነው። ፈርሞ፣ ቲተር (የስም ማህተም) አድርጎ፣ ማህተም መትቶ «ሚስጥር ነው» ማለት ግን ከባድ ነው። እዚህ ላይ ብዙው ሚስጥር ሚስጥር መሆኑ ያበቃል።

(ሰው ያልነገሩትን በስጋት ይሞላዋል። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ ጎጃም የተነሳው በገንዘቡ ብቻ አልነበረም፤ መሬት ሊለካ፣ ርስት ሊሄድ ነው የሚል ፍርሃትም ነበረበት። ሽማግሌዎቻችን ዛሬም ሜትር የያዘ ሰው ሲያዩ አይናቸው ይከተለዋል።)

ምልክት፦ «ያ አዋጅ ተሽሯል»

ይህን የሚላችሁ ትንሽ ያነበበ ሰው ነው። 2013 ላይ አዋጅ ቁጥር 1238 ወጥቶ የመገናኛ ብዙኃኑን ክፍል ተክቷል። የመረጃ ነፃነቱ ክፍል ግን አልተነካም። በትሕትና ንገሩት፤ ክርክር ግን አትግጠሙ። ማመልከቻችሁን ይቀበል እንጂ አዋጁን ባይቀበል ምን ቸገራችሁ።

ምልክት፦ «መዝገቡ ላይ የለም»

እዚህ ጋ ትንሽ ቆም እንበል። ብዙ ሰው «አጠፉብኝ» ብሎ የሚጣላው እዚህ ነው፣ ብዙ ጊዜም መዝገቡ ቦታው ላይ ነው።

መጀመሪያ ፊደሉን ጠርጥሩ። «ኃይሉ» በኃ፣ በሀ፣ በሐ ሊጻፍ ይችላል። «ዓለሙ»ም «አለሙ» ሆኖ ይገኛል። ኮምፒውተር ውስጥ የገባ ስም በአንዷ ፊደል ከተለየ ፍለጋው ባዶ ይመጣል። አጎቴ የጠፋው በዚህ ነው። መዝገቡ ውስጥ ነበረ፤ የአባቱ ስም ግን በሌላው «ሐ» ተጽፏል። ልጅቱ አምስት ቀን «የለም» ያለችው ዋሽታ አልነበረም።

ቀጥሎ ስሙን ራሱን ጠርጥሩ። አንዱ በክርስትና ስሙ ተመዝግቦ በዓለም ስሙ ይፈልጋል። አንዷ በባሏ ስም ትፈልጋለች፣ መሬቱ በእናቷ ስም ነው። ስለዚህ ማመልከቻው ላይ እስከ አያት ጻፉ፣ ሌላ መጠሪያ ካለ «በሌላ ስም» ብላችሁ ጨምሩ። ቀበሌውን፣ ጎጡን፣ የአዋሳኞቹን ስም፣ የተመዘገበበትን ዓመት በግምትም ቢሆን አስገቡ። አረንጓዴው ደብተር (የመሬት ይዞታ ማረጋገጫው) ካላችሁ ቁጥሩን። 1989 ላይ ሽግሽግ የደረሰበት መሬት ከሆነ ቀድሞ በማን ስም እንደነበረም ጥቀሱ።

እውነት የጠፋም አለ። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ባለው ግጭት የተዘጋ ቀበሌና የተቃጠለ መዝገብ አለ። እንዲህ ከሆነ ሁለት ነገር አድርጉ። ሌላ ቅጂ ያለበት እርከን ካለ ጠይቁ፤ ቀበሌ ላይ የጠፋው ወረዳ ላይ ሊኖር ይችላል። ከሌለ ደግሞ «ሰነዱ የለም» የሚል ደብዳቤ አውጡ። የጠፋ ሰነድ ደብዳቤ ምን ይሠራል ትሉ ይሆናል። ነገ ሰው መሬታችሁን ይገባኛል ቢል፣ መዝገቡ የጠፋው በእናንተ እጅ እንዳልሆነ ያሳያል።

ምልክት፦ «እኛን አይመለከትም»

ቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ወረዳ ወደ ዞን፣ ዞን መልሶ ወደ ቀበሌ። ደብረ ማርቆስ ድረስ መጥቶ «ወረዳህ ነው» ተብሎ የተመለሰ ስንቱ ነው። የትራንስፖርቱን ዋጋ ታውቁታላችሁ። ከመነሳታችሁ በፊት ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የዜጎች ቻርተር በስልክ ፎቶ አንስቶ የሚልክላችሁ ሰው ፈልጉ። የትኛው አገልግሎት በየትኛው ክፍል፣ በስንት ቀን፣ በምን ማሟያ እንደሚሰጥ ተጽፎበታል። ማንም አያነበውም እንጂ። «አይመለከተንም» ካሉ ደግሞ የሚመለከተውን በስሙ ጠርተው በደብዳቤ ይምሯችሁ።

ምልክት፦ «ለሻይ»

ለፎቶ ኮፒና ለመሳሰለው ወጪ ማስከፈል ይችላሉ። በደረሰኝ። ያለ ደረሰኝ ከሆነ «ደረሰኙን ስትቆርጡልኝ እከፍላለሁ» በሉና ዝም በሉ። ዝምታው ከንግግር ይበልጣል።

ምልክት፦ ማመልከቻው ገብቷል፣ መልስ ግን የለም

አዋጁ መልስ ለመስጠት 30 ቀን አስቀምጧል። «ደርሷል» ከተባለበት ቀን ጀምሮ ቁጠሩ። ማህተሙን ያስመታነው ለዚህ ነው። ቀኑ ካለፈ እንደ ክልከላ ቁጠሩትና አንድ ደረጃ ውጡ፤ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ አቤቱታ ጻፉ፣ የመጀመሪያውን ኮፒ አያይዙ። እዚያም ካልሆነ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው። አቤቱታ ማቅረብ በነፃ ነው፣ በቃልም ይቻላል። ከዚያ በኋላ ያለው ፍርድ ቤት ነው። እኔ እስካሁን እስከዚያ የደረሰ ዘመድ የለኝም። አብዛኛው ጉዳይ «ግልባጭ፦ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም» የሚለው መስመር ላይ ሲደርስ ኃላፊው ከስብሰባ ይወጣል።

ሰነዱን ስትቀበሉ እዚያው መስኮቱ ላይ ቆማችሁ አንብቡት። ስሙ ትክክል ነው? ቁጥሩ ይነበባል? «ከዋናው ጋር ተገናዝቧል» የሚለው አለ? ማህተሙ ፊርማው ላይ አርፏል? አንዱ ከጎደለ ባንክም ፍርድ ቤትም ይመልሰዋል። አጎቴ የመጀመሪያውን ቅጂ ማህተም ሳይመታበት ይዞ ሊወጣ ሲል ከበሩ የመለሰችው ያቺው «ነገ ይምጡ» ያለችው ልጅ ናት። አሁን አንዱ ቅጂ በፌስታል ተጠቅልሎ ሳጥኑ ውስጥ፣ ሌላው እኔ ጋ ነው።