አዲስ ስፒከር ከመግዛትዎ በፊት ያለዎትን አሳምሮ ማሰማት

የቤት ሙዚቃ ማጫወቻው ድምፅ አልጥም ሲል ቶሎ ትዝ የሚለን ተለቅ ያለ ስፒከር ነው። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ያለው ዕቃው ላይ ሳይሆን አቀማመጡ ላይ ነው። ስፒከሮቹ ከቡፌው ላይ ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው፣ አንዱ ማዕዘን ውስጥ ተወትፎ፣ ሌላው ከአበባ ማስቀመጫ ኋላ ተደብቆ ከሆነ ውድ ዕቃ ቢተካም ያው ነው። ከዚህ በታች ያሉት አብዛኞቹ ሥራዎች ምንም ወጪ አይጠይቁም።

መጀመሪያ ማነጻጸሪያ ይምረጡ። አንዱ ባስ ጊታሩም ድምፃዊውም በደንብ የሚሰማበት፣ አብጠርጥረው የሚያውቁት ዘፈን ይሁን። ሁለተኛው የወንድ ዜና አንባቢ ድምፅ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ሰው ሲናገር ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው ጆሯችን ስለሚያውቅ ከበርሜል ውስጥ የመጣ ሲመስል ወዲያው ይነቃል። አንድ ነገር በቀየሩ ቁጥር ከዚያው ቦታ ሆነው በዚያው የድምፅ መጠን ያዳምጡ። ጮክ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ስለሚመስል መጠኑ ካልተስተካከለ ጆሮ ይሸወዳል።

ሽቦው

አምፕሊፋየሩን ያጥፉና ከኋላ ያሉትን ሽቦዎች ይዩ። ቀዩ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር መግጠም አለበት። በአንዱ ስፒከር ብቻ ከተገላበጠ አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ባሱ (ወፍራሙ ድምፅ) ይጠፋል፣ መሐል መሰማት ያለበት ድምፃዊም የት እንዳለ አይታወቅም። የሽቦው ቀለም ካልለየ ሁለቱንም ጫፎች ከአምፕሊፋየሩ ነቅለው በ1.5 ቮልት ባትሪ ለቅጽበት ብቻ ነካ ያድርጓቸው። ትልቁ የስፒከር ሸራ (የሚርገበገበው ክብ ገጽ) ወደ ውጭ ብቅ ካለ፣ የባትሪውን ፖዘቲቭ የነካው ጫፍ የቀዩ ነው።

የጠቆረውን መዳብ ቆርጠው አዲስ ጫፍ ይላጡ፣ ጠምዝዘውም ያስገቡ። አንዲት ክር እንኳ አምልጣ ጎረቤቷን ከነካች አምፕሊፋየሩን ልታቃጥል ትችላለች። ርቀቱ እስከ 5 ሜትር ከሆነ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ይበቃል፤ ወርቅ የተቀባ ውድ ገመድ ላይ የሚወጣው ብር ምንጣፍ ቢገዛበት ይሻላል። የድምፅ መጨመሪያው ሲዞር የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ደግሞ ዕቃው እንደጠፋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ደጋግመው ያዙሩት።

አቀማመጡ

ትልቁ ለውጥ የሚገኘው እዚህ ነው። በሳጥኑ ላይ ያለችው፣ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ክብ ስፒከር፣ ሲቀመጡ ከጆሮዎ ትይዩ ትሁን፤ ሶፋ ላይ ለተቀመጠ ሰው ከ90 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ግድም ነው። ቀጥሎ ሜትር ያውጡ። በሁለቱ ስፒከሮች መካከል 2 ሜትር ካለ እርስዎም ከእያንዳንዳቸው 2 ሜትር ወይም ትንሽ አለፍ ብለው ይቀመጡ። ፊታቸውንም ወደ እርስዎ ትንሽ ያዙሩት። ሁሉ ነገር ሲገጥም ድምፃዊው ስፒከር በሌለበት መሐል ላይ ቆሞ የሚዘፍን ይመስላል።

የባስ ድምፅ በሁሉም አቅጣጫ ስለሚሰራጭ ግድግዳ ሲያገኝ ይጠናከራል፣ ማዕዘን ሲያገኝ ደግሞ ይብስበታል። ስለዚህ ከግድግዳው 30 ሳንቲ ሜትር አውጥተው ይጀምሩ፤ አሁንም የሚያስገመግም ከሆነ ወደ 60 ይውሰዱት። ቦታ ከሌለና ስፒከሩ ከኋላው ቀዳዳ ካለው፣ የተጠቀለለ ካልሲ ቢወትፉበት ይረጋጋል።

የመቀመጫዎም ቦታ እንዲሁ ወሳኝ ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 4 ሜትር ርዝመት ባለው ሳሎን 43 ኸርዝ (በሰከንድ 43 ርግብግቢት) አካባቢ ያለው ባስ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላጋ ግድግዳዎቹ ጥግ ይከማቻል፣ ክፍሉ መሐል ላይ ደግሞ ይሳሳል። ሶፋው ከኋላው ግድግዳ ጋር ከተጣበቀ ባሱ የሚበዛብዎት ለዚህ ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ወደፊት ሳብ ማድረግ ብቻውን ይሰማል።

ክፍሉ

መሐል ቆመው አንዴ ያጨብጭቡ። ሴራሚክ ወለልና ባዶ ግድግዳ ያለው የኮንዶሚኒየም ሳሎን ጭብጨባውን እያንቀጨለ ይመልሰዋል፤ ዘፈኑንም የሚያደርገው እንዲሁ ነው። በስፒከሮቹና በመቀመጫዎ መካከል ወፍራም ምንጣፍ ያንጥፉ፣ መስኮቱንም በከባድ መጋረጃ ይሸፍኑ። የጎን ግድግዳውን የት መሸፈን እንዳለብዎት ለማወቅ እርስዎ ተቀምጠው ሌላ ሰው መስታወት በግድግዳው ላይ እያንሸራተተ ይሂድ፤ ስፒከሩ መስታወቱ ውስጥ የታየዎት ቦታ እሱ ነው። ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት አንድ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ እዚያ ሰቅለው ይሞክሩ። ጨርቅ የሚውጠው ቀጭኑን ድምፅ ስለሆነ ለባስ አይረዳም። የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ግን ከንቱ ድካም ነው።

ቁልፎቹና ምንጩ

የባስና የትሬብል (የቀጭኑ ድምፅ) ቁልፎችን መሐል ላይ ያድርጉ፤ «ላውድነስ» የሚለውንም፣ የስልኩን ኢኳላይዘር (የድምፅ ማስተካከያ)ም ያጥፉ። ላውድነስ የተሠራው ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ሲደመጥ የሚሳሳውን ባስ ለማካካስ ነው።

ከሰው ሰው ሲተላለፍ የከረመ በሰከንድ 128 ኪሎቢት ብቻ የያዘ፣ የተጨመቀ ዘፈን ወደ 320 ቢቀየር ፋይሉ ይወፍራል እንጂ የጠፋው አይመለስም። ከተቻለ ከሲዲው ወይም ጥራቱ ከፍ ብሎ ከተከፈተ መተግበሪያ ያጫውቱ፤ ከብሉቱዝ ይልቅም ገመድ ይጠቀሙ።

ከአሜሪካ የመጣ ባለ 110 ቮልት አምፕሊፋየር ያለው ሰው ማውረጃ ትራንስፎርመሩን ከድምፅ ገመዶቹ ያርቀው፤ ያ የማያቋርጥ «እምምም» ከዚያ ሊሆን ይችላል።

አሁንም ካልጣመዎት

የፊቱን መሸፈኛ አንስተው የትልቁን ስፒከር ጠርዝ ይዩ። የስፖንጅ ጠርዝ በዕድሜ ብዛት ይፈረፍራል፣ ባስ ሲመጣም ይንቀጠቀጣል፤ ሙሉውን ስፒከር ሳይጥሉ ጠርዙን ብቻ ባለሙያ ሊቀይረው ይችላል።

ድምፁ የተበላሸው በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ ዕቃውን አጥፍተው የግራና የቀኝ ስፒከር ሽቦዎችን አምፕሊፋየሩ ላይ ያቀያይሩ። ብልሽቱ እዚያው ስፒከር ላይ ከቀረ ጥፋቱ የስፒከሩ ወይም የሽቦው ነው። ወደ ሌላኛው ከተሻገረ ግን አዲስ ስፒከር አይግዙ፤ መታየት ያለበት አምፕሊፋየሩ ወይም ከስልኩ የሚመጣው ገመድ ነው።